በአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃና የአጋዘኗ ሥጋ



ጥይት የገደለው እንስሳ ይበላል ወይስ አይበላም? ይህን መስአላ መድረሳ ሳለን ኪታብ ላይ ቀራነው። ያኔ ከመካከላችን ጠመንጃ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ አልነበረም። ዒባራውን ሸመደድን፣ የዑለሞቹን ኺላፍ በጣታችን ቆጠርን፣ ኡስታዛችንም «ይህ የአዳኞች ጉዳይ ነው» ብለው ፈገግ አሉና ወደሚቀጥለው ባብ አሻገሩን። ያ መስአላ ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ አገር፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ ተከትሎን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

የመጣው በወጥ ድስት ነው። በእኛ መስጂድ አካባቢ የአደን ፈቃድ አውጥተው ጫካ የሚወጡ ወጣቶች በዝተዋል። ባለፈው ረመዳን አንደኛው ያመጣው የአጋዘን ሥጋ ለኢፍጣር ተሠርቶ ቀረበ። አንድ ልጅ «ይህ በጥይት የሞተ ነው፣ መይታ ነው» ብሎ ሳህኑን ገፋ። ሌላው «አላህ ሐላል ያደረገውን አንተ ማነህና ሐራም የምታደርገው?» አለው። ነገሩ ከሶፍራው ወደ ስልክ ገባ፤ ስልክ ላይ ደግሞ እንደምታውቁት ሰው ቶሎ ሙፍቲ ይሆናል። በልጅነታቸው አብረው ያደጉት ሁለት ጓደኛሞች ዒድን ሳይጨባበጡ አሳለፉ።

ኢማማችን ሁለቱንም አልተቆጡም። እሳቸውን በመስጂዱ ሥራ የምናግዘውን ጠርተው፣ «በኪታብ የምታውቁት ነገር ነው፤ እስኪ ደግሞ ሂዱና በዓይናችሁ እዩት» አሉን። በዚህ ምክንያት አራት ሆነን ጉዞ ወጣን። ሁለታችን መድረሳ ያደግን ነን። ሦስተኛው ባለጠመንጃው ነው፤ በሐረር በኩል ያደገ፣ ሥራው ትራክ መንዳት የሆነ፣ ዝምተኛ ወንድማችን። አራተኛው ጋሼ ናቸው፤ ከወሎ የመጡ፣ በሐነፊ መዝሀብ ያደጉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት። ጋሼን ያስከተልናቸው ቢላዋ ስለሚያውቁ ነው። በዒደል አድሓ ቀን የእሳቸውን እጅ የማይጠብቅ በግ የለም።

አሁን ስለ ጠመንጃው እናውራ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ጋር ነውና።

የፔንሲልቫኒያ ስቴት ከ1974 ጀምሮ የፈቀደው አንድ የተለየ የአደን ወቅት አለ። ፈረንጆቹ ገናን ባከበሩ ማግሥት፣ ዲሴምበር 26 ይጀመርና ወደ ጃንዋሪ ይዘልቃል። በዚህ ወቅት አጋዘን የሚታደነው በዘመኑ መሣሪያ አይደለም። ከ1800 በፊት የነበረ ወይም የእሱ አምሳያ ሆኖ የተሠራ፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ እሳቱን ከባልጩት ድንጋይ የሚያገኝ ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ መሆን አለበት። አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር መግጠም ክልክል ነው። ይህ ጠመንጃ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም። በ1700ዎቹ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የመጡ አንጥረኞች በዚያው ስቴት፣ ላንካስተር በሚባለው አካባቢ ረጅሙን ጠመንጃ ሲሠሩ ኖረዋል። አፈሙዙ ረጅም፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቆፈረለት፣ አረሩን እያሽከረከረ የሚልክ ነው።

አጎራረሱን ቆመን አየን። በአማርኛ «ጥይት ማጉረስ» የምንለው ቃል ትርጉሙ የገባን ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ባለጠመንጃው ሰደፉን መሬት አስደግፎ፣ በትንሽ ስፍሪያ ለክቶ 5 ግራም ገደማ ጥቁር ባሩድ በአፈሙዙ አፈሰሰ። ቀጥሎ በሞራ የታሸ ቁራጭ ጨርቅ አፉ ላይ አነጠፈ፤ በጨርቁ ላይ ትልቅ ሽምብራ የምታህል የእርሳስ ድብልብል አስቀመጠ። እንደ ጉርሻ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋትና በረጅም ዘንግ እስከ ታች፣ ባሩዱ ላይ እስክታርፍ ድረስ ጠቀጠቃት። በመጨረሻ ከጎን ካለችው ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ደቃቅ ባሩድ ነሰነሰና ክዳኗን መለሰ። ምላጩ ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ክዳኗን ይገጫል፤ ብልጭታው ሳህኗ ላይ ይወድቃል፤ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ይህ ሁሉ ከሠራ አረሩ ይወጣል። እርጥበት ከነካው አይወጣም። ከወጣም አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ለማጉረስ ግማሽ ደቂቃ ያስፈልጋል፤ አጋዘን ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አትጠብቅም።

ጋሼ ጠመንጃውን ተቀብለው ገለባበጡትና «ጓንዴ ነው እንጂ ይሄማ!» ብለው ሳቁ። «በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የማየው ዓይነት።»

እኛን ግን ሌላ ነገር ነው የመታን። ኪታቦቻችን ውስጥ «የእርሳስ ቡንዱቃ» እየተባለ የሚነሳው ነገር ምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ይህቺው ናት። በጨርቅ ተጠቅልላ በአፈሙዝ የምትጎርሰው የእርሳስ ድብልብል። በማሊኪዮች ዘንድ የታወቁት ግብጻዊው ዓሊም ደሱቂ የሞቱት በ1815 ነው። የሐነፊዮቹ የደማስቆው ኢብኑ ዓቢዲን በ1836፣ የየመኑ ሸውካኒ በ1834። ሦስቱም የኖሩት ጠመንጃ ማለት ይህ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ጎትተን የምንተኩሰው ባለ ቀለህ ጥይት በእነሱ ዕድሜ ገበያ ላይ የተስፋፋ አልነበረም። ስለዚህ እኛ ሸምድደን ያለፍነው ክርክር በሐሳብ የተፈጠረ ጨዋታ አልነበረም፤ እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ይህንኑ ዕቃ፣ ይህንኑ ጭስና ይህቺኑ ድብልብል ፊታቸው አስቀምጠው ነው የተከራከሩት። አላህ ይዘንላቸው።

ምን አሉ? ደሱቂ ገና ከመነሻው፣ የቀደሙት ሊቃውንት በዚህ ላይ ያሉት ቃል የለም፣ ምክንያቱም ባሩድ የመጣው በስምንተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ፤ ከኋለኞቹ የፈቀዱትንም ይጠቅሳሉ። ሸውካኒ እርሳሱ ሰውነትን በስቶ ስለሚገባ እንደ ቀስት ነው፣ ይበላል አሉ። ኢብኑ ዓቢዲን ደግሞ እርሳሱ ስለት የለውም፣ የሚገድለው በማቃጠልና በኃይለኛ ግፊቱ ክብደት ነው፣ ስለዚህ አይበላም አሉ። በሻፊዒዮች ኪታቦችም በእሳት ስለሚወረወረው እርሳስ ጠንከር ያለ ቃል አለ። በእኛ ዘመን ያሉት ብዙዎቹ ዑለሞች ግን ወደ መፍቀዱ አዘንብለዋል።

የሁሉም መነሻ አንድ ሐዲስ ነው። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) በለጋስነቱ ዐረብ ሁሉ የሚያወራለት የሓቲም አጥ-ጣኢይ ልጅ ነው፤ አዳኝም ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ውሻ፣ ስለ ቀስት፣ ስለ ሚዕራድም ጠየቀ። ሚዕራድ ላባ የሌለው ከባድ የእንጨት ዘንግ ነው። የተሰጠው መልስ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በሾለው ጫፉ ወግቶ የገደለው ይበላል፤ በጎኑ መትቶ የገደለው ግን አይበላም፣ ተደብድቦ የሞተ ነውና። ሱረቱል ማኢዳ ላይ ክልክል ከተደረጉት መካከል «መውቁዛ» የተባለው ይኸው ተደብድቦ የሞተው ነው። እንግዲህ ጥያቄው ወዲያው ይገባችኋል። የእርሳስ ድብልብል ሹል ናት ወይስ ዱላ?

ኢማማችን ከመሄዳችን በፊት ሦስት ነገር አሳስበውን ነበር። አንደኛ፣ ቢስሚላህ የሚባለው ሲጎርስ ሳይሆን ሲተኮስ ነው። በእርድ ጊዜ ስም የሚነሳው በሚታረደው ላይ ነው፤ በአደን ጊዜ ግን በሚወረወረው መሣሪያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከተመታች በኋላ ፍለጋውን ቸል አትበሉ፤ በሕይወት ከደረሳችሁባት አርዷት፣ ያን ጊዜ ኺላፉ ሁሉ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ውሃ ውስጥ ሞታ ካገኛችኋት ተዉአት፤ አረሩ ይግደላት ውሃው አይታወቅም። ይህም ከዐዲይ ሐዲስ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነሳን። የጃንዋሪ ብርድ ነው። ከጌቲስበርግ ከተማ በስተምዕራብ ሚሾ የሚባል የመንግሥት ደን አለ፤ ከ34 ሺህ ሄክታር በላይ ይሆናል፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ ገብቶ ያድንበታል። በስተመጨረሻ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር መንገድ ጀመረ። ፈጅርን መኪና ማቆሚያው ላይ ሰገድን። አሜሪካ ስትሰግዱ ፊታችሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማዞራችሁ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል፤ ጋሼ እስከዛሬ ይገርማቸዋል። ሱጁድ ስናደርግ የግንባራችን ሙቀት በረዶውን አቀለጠው። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከመኪናው ወርዶ ጠመንጃውን እያሰናዳ ነበር፤ ሶላታችንን እስክንጨርስ ድረስ በሩን ሳይዘጋ ቆየ። ሲወጣ ቆቡን ነካ አድርጎልን ሄደ።

ሕጉ መተኮስ የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። እኛ ግን ብርሃኑ እስኪጠራ ጠበቅን። ከባሉጥ ዛፎች ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ዓለት ጀርባ ተቀመጥን። አደን ማለት ብዙውን ጊዜ መቀመጥ መሆኑን ማንም አልነገረንም ነበር። አለመናገር፣ አለማሳል፣ ስልክ አለማውጣት። ከመካከላችን ወጣቱ ከስልክ ተለይቶ ይህን ያህል የቆየው መቼ እንደሆነ አላስታውስም አለ። ጋሼ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዚክር ላይ ናቸው። ጣታችን ደነዘዘ፤ ከዚያ የእግራችን ጣቶች፤ ከዚያ ስለ ጣቶቻችን ማሰብ አቆምን።

የዚያ አገር አጋዘን እኛ ባሌ ላይ የምናውቀው ደጋ አጋዘን አይደለም። አነስ ያለ፣ ሲደነግጥ ጭራውን ወደ ላይ አንስቶ ነጩን የሚያሳይ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፣ ነጭ ጭራ ይሉታል። (አገር ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ይህን አንብባችሁ ጠመንጃ ይዛችሁ ወደ ባሌ እንዳትወጡ! ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ያለ ፈቃድ መግደሉም ወንጀል ነው።) ነጭ ጭራው ግን ተርፏል። ድሮ ያለ ልክ ታድኖ በፔንሲልቫኒያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ በ1895 የአራዊት ጥበቃ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ አደኑን በወቅትና በቁጥር ገደቡ፣ ከሌላ ስቴት ሳይቀር አጋዘን እያመጡ ለቀቁ። ዛሬ በየአውራ ጎዳናው ከመኪና ጋር የሚጋጨው ብዛቱ ነው። ፈቃድ የሚሰጡት በልክ እንዲቀነስ ነው፤ የአደን ሥጋ መሸጥም አይፈቀድም፤ ትበላለህ ወይ ትሰጣለህ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ የመጀመሪያዋ መጣች። ብቻዋን፣ በረዶውን በአፍንጫዋ እየገፋች። ባለጠመንጃው ቀስ ብሎ ሰደፉን ትከሻው ላይ አኖረ። «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ሲል ሁላችንም ሰማነው። መዶሻው ወረደ፣ ሳህኗ ላይ ቦግ አለ፣ ነጭ ጭስ ተነሳ። ሌላ ምንም የለም። ዋናው ባሩድ አልተቀጣጠለም። አጋዘኗ ነጩን ጭራ አሳየችንና ጫካው ዋጣት።

ጋሼ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑት። «ሪዝቃችን አልነበረችም» አሉ።

ባለጠመንጃው ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠርጎ አዲስ ባሩድ ነሰነሰ። ያን ጊዜ በሹክሹክታ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ አረሩ ያው አፈሙዝ ውስጥ ያለው ነው፣ ቢስሚላህ ተብሎበታል፤ እንደገና ማለት ያስፈልጋል? እንግዲህ ይታያችሁ፣ በዚያ ብርድ! ኪታብ ላይ የሰፈረው፣ በአንዱ ቀስት ላይ ስም አንስቶ ሌላ ቀስት የወረወረ ሰው ጉዳይ ነው። አረሩ እዚያው ኖሮ ተኩሱ ስለሚለወጥ ግን የተጻፈ አልቀራንም። «ድገመው፤ ቢስሚላህ አይከብድም» አልነው።

ሁለተኛዋ የመጣችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ከሁለት ሌሎች ጋር ቁልቁል ስትወርድ ከዓለቱ 40 እርምጃ ያህል ላይ ቆም አለች። ጎኗን ሰጥታናለች። ቢስሚላህ ተባለ። በዚህኛው ጊዜ ብልጭታውና ነጎድጓዱ አንድ ሆነ፣ ጭሱም ዓይናችንን ጋረደው። ጭስ ሲባል እንደ ሲኒማው ስስ አይምሰላችሁ፤ የድግስ ማጀት ነው። ጭሱ ሲገፈፍ ቦታው ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ትምህርት የተጋጨብን። የአሜሪካ አዳኞች ልማድ፣ መትተህ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል ይላል። ወዲያው ከተከተልካት ደንግጣ ሩቅ ትሄዳለች፤ ከተውካት ቅርብ ተኝታ ትሞታለች። የእኛ ፊቅህ ደግሞ የተመታውን ፈልግ፣ አትቀመጥ፣ ምናልባት በነፍስ ትደርስበትና ታርደዋለህ ይላል። ልማዱ የመጣው አውሬው እንዳይጠፋ ከማሰብ ነው፤ ፊቅሁ ሥጋው ሐላል እንዲሆን ከመጨነቅ። ባለጠመንጃው ኮርስ ወስዷልና የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ዓይኑ ግን እኛ ላይ ነበር። መሮጥ ግዴታ እንዳልሆነ፣ በተለመደው አካሄድ መከተል እንደሚበቃ የቀራነው ትዝ አለን። ተነሳን። አልሮጥንም፣ አልተቀመጥንም።

በረዶ ላይ ደም መከተል ዕውር እንኳን አይስተውም። መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ከአንድ ጎን ብቻ የተረጨ፣ ቀላ ያለ፣ አረፋ የያዘ። ባለጠመንጃው «ሳንባ ነው» አለ። አንድ ቦታ ላይ ደሙ ወደ ጅረት አቅጣጫ ሲያዘነብል ልባችን ሞተ። የጅረቱ ድምፅ ይሰማል። ውሃ ውስጥ ከወደቀች አበቃ፤ ተኩሱም ብርዱም ለከንቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፍሷ ለከንቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ለዒላማ መለማመጃ ማድረግን የከለከሉበትን ሐዲስ ስንቴ ተናግረነዋል፤ ያን ጊዜ ግን በሆዳችን ተገላበጠ።

ጅረቱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው፣ የወደቀ ግንድ ሥር ተኝታ ነበር። ከተመታችበት 80 እርምጃ ቢሆን ነው። ጋሼ ቢላዋቸውን መዘው ተንበረከኩ፤ መዳፋቸውን አንገቷ ላይ አኖሩ፤ የዓይኗን ብሌን በሣር ጫፍ ነካ አደረጉ። አልተንቀሳቀሰችም። ጥቂት ቆዩና ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሱት። «ኢንና ሊላህ» አሉ ቀስ ብለው፤ ለሰው እንደሚባለው። ቢላዋው ወደ ሰገባው ሲመለስ የኢማማችን ቀላሉ መንገድ አብሮ ተዘጋ። ኺላፉ እንዳለ እጃችን ላይ ቀረ።

ሕጉ ከቦታዋ ሳትንቀሳቀስ ወረቀቱ ተሞልቶ ጆሮዋ ላይ እንዲታሰር ያዛል። ባለጠመንጃው በደነዘዘ ጣት ጻፈው፣ አሰረው። ገልብጠን ስናያት አረሩ በአንድ ጎን ገብቷል፣ በሌላው ጎን አልወጣም። ጋሼ ቆዳውን ሲገፉ ከወዲያኛው ጎን፣ ከቆዳው ሥር እንደ እብጠት ሆኖ አገኙት። በጥፍራቸው አውጥተው በረዶ ላይ አጠቡትና መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ድብልብሉ ጠፍጥፎ ሳንቲም መስሏል።

«በሉ ደረሳዎች» አሉ ወደ እኛ ዞረው፣ «ይሄ ስለት ነው?»

ባለጠመንጃው መልስ ሳይሰጥ የጎድን አጥንቷን ገለጠ። አረሩ የገባበት ቀዳዳ በጥርስ የተበሳ ይመስል ክብ ነው፤ ጠርዙ ያልተሰነጠቀ፣ ያልደቀቀ። «በስቶ ነው የገባው ጋሼ» አለ።

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። አየነው። የገባበት ቀዳዳ የሸውካኒን ይመሰክራል፤ የጠፈጠፈው እርሳስ የኢብኑ ዓቢዲንን ይመሰክራል። አንድ አጋዘን ላይ፣ በአንድ ጊዜ። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ከሁለቱ ሊቃውንት አንዱ ጠመንጃ በደንብ ያላየ መስሎን ነበር የሚባል ነገር ተማሪ ቤት ይወራል። ሁለቱም አይተዋል። አንዱ ቀዳዳውን፣ አንዱ እርሳሱን።

ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «እኔ በአባቴ መዝሀብ ነኝ፤ አልበላም። እናንተ የምትከተሉት ዓሊም አላችሁ፤ አልከለክላችሁም።» ይህን ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ብልት ማውጣት ጀመሩ። የማይበሉትን ሥጋ! እዚያ ሰፈር ያለው ፈረንጅ ሁሉ መጥቶ ቢያይ የሚደነቅበት እጅ ነው። ቆዳው ላይ አንድ ቀዳዳ አላደረጉም። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ እርሳስ ነክቶት ይሆናል ብለው ሰፋ አድርገው ቆርጠው ጣሉ። አጋዘን ላይ በሚታየው የአንጎል በሽታ ምክንያት ጭንቅላትና አከርካሪ ይዞ ወደ ሜሪላንድ መግባት ስለማይፈቀድ ሥጋውን ከአጥንት እዚያው ለዩት። ወደ 20 ኪሎ ሆነ። ሲጨርሱ ጅረቱ ዳር ወርደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው፣ ቢላዋውን ደግሞ ሦስት ጊዜ አጠቡ። ለምን እንደሚያጥቡ ገብቶናል፤ በእሳቸው መዝሀብ ያ ደም የመይታ ደም ነው። ምንም አላሉንም፣ እኛም ምንም አላልናቸውም። ዙህርን ከዚያው ውሃ ውዱእ አድርገን አብረን ሰገድን፤ ያሰገዱን እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሳ። ከሞተ አውሬ ጋር ጥርስ እያሳዩ ፎቶ የሚነሱና የሚለጥፉ ወንድሞች አሉ። እኛ ፎቶ አላነሳንም። ሐራም ነው ለማለት አይደለም፤ የጋሼን «ኢንና ሊላህ» ከሰማን በኋላ ስልካችንን ከኪሳችን ማውጣት አስጠላን።

ማታውኑ ለኢማማችን ሁሉንም ነገርናቸው። አረሩን ተቀብለው በመብራት ረጅም ጊዜ ገለባበጡት። ከዚያ ሁለቱን የተኳረፉ ልጆች አስጠሩ። ፈትዋ ይሰጣሉ ብለን ስንጠብቅ እርሳሱን ለአንደኛው ሰጡትና «ይህ ያንተ ማስረጃ ነው» አሉት። ለሌላው «ያንተ ማስረጃ ጎድን አጥንቷ ነበር፤ እነሱ አይተውታል፣ ጠይቃቸው» አሉት። ጠየቀን፤ ያየነውን ነገርነው። ልጆቹ እርሳሱን እየተቀባበሉ አዩት። መታረቃቸውን አናውቅም፤ ሲወጡ ግን ሲከራከሩ የነበሩት አብረው እየሄዱ ነው።

ኢማማችን ለመስጂዱ የወሰኑት ይህን ነው። እሳቸው ራሳቸው የሚከተሉት የዘመኑን ዑለሞች የፍቃድ ቃል ነው፤ ቢስሚላህ የተባለበትን፣ በስቶ የገባውን፣ ፍለጋው ቸል ያልተባለበትን ይበላሉ። በኢፍጣር ላይ ግን በጥይት የሞተ የአደን ሥጋ ከጋራው ድስት ጋር አይቀላቀልም። በራሱ ድስት ይሠራል፣ በራሱ ጭልፋ ይወጣል፣ ምን እንደሆነ ወረቀት ይጻፍበታል። የሚበላ ይበላል፤ የማይበላ ለምን አልበላህም አይባልም። በሕይወት ተደርሶበት የታረደ ከሆነ ግን ወደ ጋራው ድስት ይገባል። እስካሁን የሰማነው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ የድስት አጣቢዎቹ።

የመጀመሪያውን ሥጋ በቃሪያና በሽንኩርት ጠብሰን በላን። ስብ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ ካልበዛበት አይጣፍጥም። ጋሼ ከጎናችን ተቀምጠው ሽሯቸውን በሉ። ጉርሻ ሊያጎርሳቸው የቃጣው ወጣቱ እጁ አየር ላይ ሲቀር፣ እሳቸው ከሽሮው ጠቅልለው እሱን አጎረሱት።

እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ግን ባለጠመንጃውን ጎተት አድርገው «ልጄ፣ እዚህ አገር ቀስት ስንት ነው?» አሉት።

ገባን። የቀስት ጫፍ ስለት አለው፤ ቀስት ላይ ኺላፍ የለም። የቀስት ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር ነው፤ በረዶ ከመጣሉ በፊት። የትከሻ ሕመም አለባቸውና በእግር የሚወጠረው ዓይነት ይሻላቸው እንደሆነ ባለጠመንጃው እያጣራላቸው ነው። የአደን ኮርሱ ፈተና በእንግሊዝኛ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዒሻ በኋላ፣ መስጂዱ ውስጥ አብረናቸው እናጠናለን። ስለ ደም ፍለጋ የሚለው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ የሚለውን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ይስቃሉ።